ጆከርን ጆከር ያደረገው ማን ነው?

ጆከርን የማያውቅ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ፊቱ ነጭ፣ ከንፈሩ ቀይ፣ ሰው ሲጎዳ የሚስቅ የባትማን ጠላት ነው። በአብዛኞቹ ፊልሞች ስንገናኘው ክፋቱ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ባትማን ይይዘዋል፣ እሱ ያመልጣል፣ ባትማን ደግሞ ይይዘዋል። በዚህ ዕትም ላወራችሁ የፈለግሁት ጆከር ገና ጆከር ሳይሆን ስለምናገኝበት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣውም በከፊል ለእኛ ስለሚተው አንድ ጌም ነው። ስሙ «ባትማን፦ ዚ ኢነሚ ዊዚን» ይባላል። ቴልቴል ጌምስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2017 እና በ2018 እ.ኤ.አ. በአምስት ክፍል ያወጣው ነው።

አዲስ ጌም አይደለም፤ ለምን አሁን እንደማነሣው ልንገራችሁ። ከእናንተ መካከል ጌም መሥራት የሚመኙ አሉ። በኅብረታችን ሲወራ የምሰማው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ «አበሻ ልዕለ ጀግና እንፍጠር፣ ልብሱ ላይ የአገር ጥለት ይኑር፣ ሕንፃ ላይ ይዝለል» ከሚለው አያልፍም። ልብሱ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ተጫዋቹ ምን እንዲመርጥ እንደምትጠይቁትና ምርጫው ማንን እንደሚለውጥ መወሰን ነው። ይህን ደግሞ ከሠሩትም ከተሳሳቱትም መማር ይቻላል።

መጀመሪያ አሠራሩን ለማታውቁ ላስረዳ። እንዲህ ያለው ጌም እንደ ፊፋ ጣት የሚፈትን አይደለም። እንደ ፊልም ታዩታላችሁ፤ አንድ ሰው ሲያናግራችሁ ግን ታሪኩ ይጠብቃችኋል። እስክሪኑ ላይ እስከ አራት የሚደርሱ መልሶች ይመጣሉ፣ አንዷ ብዙ ጊዜ ዝምታ ናት፤ ከሥር ደግሞ የሰዓት መስመር እያጠረ ይሄዳል። መልሳችሁን ስትሰጡ ጥግ ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቅ ትላለች፤ ያናገራችሁት ሰው ይህን እንደሚያስታውሰው ትነግራችኋለች። የእነዚህ ጌሞች ኃይል ሁሉ በዚያች ጽሑፍ ላይ ቆሟል። ማስፈራሪያም ናት፣ ተስፋም ናት።

ታዲያ በእርግጥ ያስታውሳሉ?

ሒሳቡን እንየው። አንድ ጌም እያንዳንዳቸው ሁለት አማራጭ ያላቸው አሥር ምርጫዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ምርጫ ታሪኩን ለሁለት ቢከፍለው፣ መጨረሻ ላይ 1,024 የተለያዩ ታሪኮች ይኖሩናል ማለት ነው። ያን ሁሉ የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ በድምፅ የሚያስቀርጽ ኩባንያ የለም። ስለዚህ ደራሲዎቹ መንገዱን ይከፍሉና ትንሽ ቆይተው መልሰው ያገናኙታል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ በአስፋልቱ ብትሄዱም በአቋራጩ ብትሄዱም ላይ ስትደርሱ እንደምትገናኙት ዓይነት ነው። ቴልቴልን ታዋቂ ያደረገው የ2012ቱ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» በመጀመሪያው ክፍል ካርሊ የምትባል ሴትና ዳግ የሚባል ሰው ላይ አደጋ ያመጣና አንዱን ብቻ እንድታድኑ ያስገድዳችኋል። ያዳናችሁት ማንም ይሁን ማን በሦስተኛው ክፍል በጥይት ይሞታል። በ2016 የወጣው የመጀመሪያው የቴልቴል ባትማንም እንዲሁ ያደርጋል። ሃርቪ ዴንት የተባለውን ፖለቲከኛ ወይም ሴሊና የተባለችውን ሌባ እንድታድኑ ይጠይቃል። ሃርቪን ካዳናችሁት ፊቱ አይቃጠልም፤ ቢሆንም አእምሮው ተናግቶ ያው ክፉ ሰው ይሆናል። ፊቱን እንጂ መንገዱን አልቀየራችሁም።

አንዳንዶች ይህን በደፈናው ማታለል ይሉታል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። ታሪክ የሚጽፍ ሰው አንዳንድ ነገር የግድ እንዲሆን ማድረግ መብቱ ነው፤ እኛም በሕይወታችን ስንት ነገር መርጠን ያው ቦታ ደርሰናል። ግን ጥጉ ላይ ያችን ጽሑፍ ያወጣ ሰው ቃል ገብቷል። «ያስታውሰዋል» ብሎ የማያስታውስ ከሆነ ዝም ቢል ይሻለው ነበር።

አሁን ወደ ጆከር እንምጣ። በኢነሚ ዊዚን ስሙ ጆን ዶ ነው። በመጀመሪያው ጌም መጨረሻ አካባቢ አርካም በተባለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ብሩስ ዌይንን፣ ማለትም ጭምብሉን ያወለቀውን ባትማንን፣ ተዋውቆ ረድቶታል። በሁለተኛው ጌም ወጥቶ ይመጣና ውለታውን ያስታውሰዋል። ሲበዛ ቀናተኛ፣ ሲበዛ አፍቃሪ፣ ወዳጅነት እንዴት እንደሚያዝ የማያውቅ ሰው ነው። ሃርሊ የምትባለውን ሴት ወዷል፤ ምን ልበላት ብሎ ብሩስን ያማክራል። ብሩስ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ያየዋል፣ እንደ እሱ ለመሆን ይሞክራል። እናንተ ደግሞ በብሩስ ቦታ ሆናችሁ ጆንን ትፈልጉታላችሁ፤ የወንጀለኞች ቡድን ውስጥ የሚያስገባችሁ እሱ ነውና። የዚህ ጌም ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ለጆን የምትሰጡት ደግ መልስ ሁሉ ከልብ ይሁን ለጥቅም እናንተ ራሳችሁ እርግጠኛ አትሆኑም። እኔ ስጫወተው አንድ ሁለቴ እጄ ቁልፉ ላይ ቀርቷል፤ ደግ መልስ ስለጠፋ ሳይሆን ደግ መልሱን የምመርጠው ለምን እንደሆነ ስላላወቅሁ።

በአራተኛው ክፍል መጨረሻ ጆንን የመንግሥት ወኪሎች ሬሳ መካከል ታገኙታላችሁ። ራሴን ስከላከል ነው ይላል። ትታመኑኛላችሁ ወይ? ማስረጃ የለም። ያላችሁ እስከዚያ ድረስ የነበራችሁ ግንኙነት ብቻ ነው፤ እሱም ያለው ያው ነው። በዚህ መልስና በኋላችሁ ባለው ወዳጅነት አምስተኛው ክፍል በእርግጥ ሁለት ይሆናል። በአንዱ ጆን እንደ ባትማን ለመሆን ጭምብል አጥልቆ ከጎናችሁ ይቆማል፤ በሌላው እኛ የምናውቀው ጆከር ሆኖ ይመጣባችኋል። ትዕይንቶቹ፣ ንግግሮቹ፣ የሚጎዱት ሰዎች ይለያያሉ። በገንዘብ ውድ ነገር ነው፤ ኩባንያው ሁለት ክፍል ሠርቶ አንዱን ብቻ እንድታዩ ፈቅዷል።

ደግሞ ልብ በሉ፣ በጥሩው መንገድ የሄደው ጆንም ቅዱስ አይሆንም። እጁ ይከብዳል፤ ቅጣትን ከፍትሕ ለይቶ አያውቅም፤ ከባትማን ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ጓደኝነታችሁ ሙሉ በሙሉ አላዳነውም። ይህ የጌሙ ድክመት ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ከጌሙ እውነተኛ ቦታዎች አንዱ ነው። የተሰበረ ሰው አንድ ጥሩ ጓደኛ ስላገኘ ብቻ በአምስት ክፍል ውስጥ ቢድን ኖሮ አላምናቸውም ነበር።

እንግዲህ የሃርቪንና የጆንን ነገር ስታነጻጽሩ ልዩነቱ ይታያችኋል። በሃርቪ ጊዜ የተጠየቅነው ማንን እናድን የሚል ትልቅና ጯሂ ጥያቄ ነበር፤ የለወጠው ግን ትንሽ ነው። በጆን ጊዜ የተጠየቅነው ትንንሽ ነገር ነው፤ እንዋሸው ወይስ እንንገረው፣ እንሳቅለት ወይስ እንሳቅበት፣ እንመነው ወይስ አንመነው። የተለወጠው አንድ ሰው ሙሉ ነው። ልዕለ ጀግና ማለት ሕንፃ የሚያነሣ ነው ብለን ስለምናስብ ትልልቁን ጥያቄ ብቻ እናሳድዳለን።

ይህ ለአገራችን ባዕድ አሠራር እንዳይመስላችሁ። ወላጆቻችሁን «የቀን ቅኝት»ን ታስታውሳላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ፣ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ባለ 257 ክፍል የአማርኛ ድራማ ነው። የተሠራበት ዘዴ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ ሜክሲኳዊ የቀመረው ነው፤ አድማጩን የሚይዘው ጥሩው ሰው ወይም ክፉው ሰው ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚወላውለው ነው ይላል። ጥሩው ጥሩ እንደሆነ ይቀራል፣ ክፉውም እንዲሁ፤ አድማጩ የሚጨነቀው ገና ላልወሰነው ነው። በሬዲዮ የሚወላውለውን ሰው ከውጭ ሆነን «ተው!» እንለዋለን። በምርጫ ጌም በእሱ ወንበር እንቀመጣለን። ኢነሚ ዊዚን ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ የሚወላውሉት ሁለት ናቸው፣ አንደኛው እኛ ነን፣ ሌላው ደግሞ እኛን እያየ የሚወላውለው ጆን ነው።

በክፍል በክፍል መውጣቱም ለሽያጭ ብቻ አይደለም። በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ጊዜ የጨዋታው አካል ነው። ሰፈር ውስጥ የሬዲዮ ድራማ ሳምንቱን ሙሉ ሲያከራክር የነበረው ቀጣዩን ማንም ስለማያውቅ ነው። ግን ተከታታይ ማለት ቃል መግባትም ነው። ቴልቴል በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. አብዛኞቹን ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ ሲያሰናብት የዎኪንግ ዴድ የመጨረሻ ምዕራፍ ገና አንድ ክፍል ብቻ ነበር የወጣው። በኋላ ስካይባውንድ የተባለ ሌላ ኩባንያ ጨረሰው። አምስት ክፍል ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት አምስቱን የመጨረስ አቅም አላችሁ ወይ? ሦስት ብትሉ ማን ይከሳችኋል።

ከቴልቴል የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት አድሆክ የተባለ ስቱዲዮ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ «ዲስፓች» የተባለ ባለ ስምንት ክፍል ጌም በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እያደረገ አውጥቷል። ጀግናው የብረት ልብሱ የተሰባበረበት ሰው ነው፤ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ በሥነ ምግባር የተበላሹ ልዕለ ኃያላንን ወደ አደጋ ቦታ ይልካል። ማንን ወዴት እንደሚልክ መምረጥ ነው ሥራው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ መሪ መሆን ራስ ከመምታት እንደሚከብድ ያሳያል። ግን በግልጽ ልንገራችሁ፣ ስድቡ ብዙ ነው፣ የራቁት ትዕይንትም አለው፤ ለአዋቂ የተሠራ ነው። ታናናሾቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የምትከፍቱት አይደለም።

አሁን ቅሬታዎቼን ልናገር፤ ሁለት አሉኝ።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። መልስ ለመስጠት የሚሰጡት ጥቂት ሴኮንዶች እንግሊዝኛ በአፉ ለፈታ ሰው ውጥረት ይፈጥራሉ፤ እኛ ጋ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አራቱን መልሶች አንብቦ ሳይጨርስ ጊዜው ያልቅና ጌሙ ዝምታን መረጥክ ይለዋል። እሱ ምንም አልመረጠም፤ እያነበበ ነበር። ከዚያ ጆን በዝምታው ይቀየመዋል! ፈተናው የልብ መሆኑ ቀርቶ የቋንቋ ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው የመቶኛ ሠንጠረዡ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ከተጫዋቾች ስንት በመቶው እንደ እናንተ እንደመረጠ ይታያል። ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ያስቃል። ግን ከብዙዎቹ ጋር ስንሆን ተረጋግተን፣ ከጥቂቶቹ ጋር ስንሆን ደግሞ የተሳሳትን እየመሰለን እንወጣለን። ጆንን ባምነውም ባላምነውም መልስ የምሰጠው ለጆን ነበር። የሌላው ዓለም ቁጥር በመካከላችን ምን ይሠራል? በአንጻሩ ቴልቴል በባትማን ጌሞቹ ላይ ያስገባው ሌላ ነገር አለ፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች በስልካቸው ድምፅ እየሰጡ አብረው የሚመርጡበት ዘዴ ነው። በየሰፈራችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሂሳብ የሚያስከፍሉት በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሆነ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ አይመቻቸውም፤ በወጣቶች ኅብረት ክፍል ግን ይህ ይሠራል። አብሮ የመረጠ ሰው ለምን እንደመረጠ ጎረቤቱን ፊት ለፊት ማስረዳት አለበት፤ መቶኛ ግን ምክንያት አይናገርም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ልዕለ ጀግናውም ጌሙም በየፊናቸው አሉን። ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን መነሻ ያሰበ ሰው ይመስገን። ሥራ ፍለጋ ራሱ በክፍል በክፍል የሚሄድ ድራማ ነው፤ ማስታወቂያ ማንበብ፣ መመዝገብ፣ መፈተን፣ መጠበቅ፣ ደግሞ መጠበቅ። በሌላ በኩል ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ለበዓል ዶሮ ወጥ ላለመሆን የምትሸሽ ዶሮ በሰፈር ውስጥ የምትሮጥበት ነው። ደስ ይላል፣ ሰፈሩም የእኛ ነው። ምርጫው ግን ወዴት ልታጠፍ ከሚለው አያልፍም፤ የዶሮ ነገር ሆኖ ከዚያ በላይ አይጠበቅባትም። ያልተሞከረው የሁለቱ ጋብቻ ነው፤ ሰፈራችንን የሚያውቅ ሩጫ የሌለበት የምርጫ ታሪክ።

ለዚህ ደግሞ አሜሪካኖቹ የሌላቸው አንድ መሣሪያ በእጃችን አለ፤ አማርኛ ራሱ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» ነው ያለው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ እንላለን። በእኛ ጌም ውስጥ ምርጫው ቃሉ ላይ ብቻ ሳይሆን አጠራሩ ላይ ሊደበቅ ይችላል። ተጫዋቹ አንድን ሽማግሌ በንዴት «አንተ» ቢል ጥግ ላይ ጽሑፍ ማውጣት አያስፈልግም፤ እንደሚያስታውሱት ሁላችንም እናውቃለን። ወጪም አለው እርግጥ። ጀግናው ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን ለተጫዋቹ ከተተወ «ሂድ» እና «ሂጂ» እየተባለ ንግግሩ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይቀረጻል። እኔ ብሆን ሴት አድርጌያት ገንዘቡን ለሌላ አውለዋለሁ።

ሕንፃ ላይ መዝለሉንም ርሱት። ጉለሌ ውስጥ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ባትማን አንድ ጊዜ ቢያርፍበት ሰፈሩ በሙሉ ተነሥቶ «ሌባ!» ይላል።

ይልቅ እንዲህ አስቡ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች። እናቷ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና እንጨት ተሸክመው እያወረዱ ይሸጣሉ፤ ሸክሙ አንዳንዴ ከራሳቸው ክብደት አያንስም። እነዚህን እናቶች ወገባቸው ጎብጦ ሲወርዱ ሁላችሁም አይታችኋል። ልጅቷ አንድ ማለዳ ሸክም የማይከብዳት ሆና ትነሣለች። ይኸው ነው ኃይሏ፤ አትበርም፣ ጥይት አይመልስላትም።

ቀላል ይመስላል አይደል? እናቷን ታሳርፋለች፣ አለቀ። እስቲ እንቀጥል። በሌሊት ብቻዋን ብታወርድ እናቷ ጠዋት «ይህ እንጨት ከየት መጣ?» ይሏታል። ትንገራቸው ወይስ ትዋሻቸው? ለእናቷ ብቻ ብታወርድ ጎረቤቶቻቸው እያዩ ነው። ለሁሉም ብታወርድ ደግሞ ገበያው በእንጨት ይሞላና ዋጋው ይወርዳል፤ በሌላው አቀበት በኩል የሚወርዱትና እሷን የማያውቋት እናቶች ያን ቀን ሳይሸጡ ይመለሳሉ። ማንም ክፉ ሰው የለም፤ ግን የረዳችው እጅ ማንን እንደገፋ ተጫዋቹ በሦስተኛው ክፍል ያያል። የደን ጠባቂውም አሉ። ባለፈው የእናቷን ገመድ ወስደውባቸዋል፤ ልጆች አሏቸው፣ ዛፉ ሲቆረጥ ዝም ካሉ ከሥራ ይባረራሉ። በሌሊት ከዛፎቹ መካከል ያገኟታል። ሦስት መልስ ይቅረብላት፤ «ጋሼ፣ እባክዎ ገመዱን ይመልሱልን»፣ «ገመዱን መልስ!»፣ ዝምታ። ሰዓት አታድርጉበት። አስባ ትመልስ።

ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳይጠየቅ አድርጉ። ሳምሶንን ታስታውሱታላችሁ፤ ደሊላ ስለ ኃይሉ ሦስት ጊዜ ጠይቃው ሦስት ጊዜ ዋሽቷታል፣ በአራተኛው ልቡን ገለጠላት። ጥያቄው ያው ነው፤ የከበደው በመደጋገሙ ነው። እናትየውም «ከየት መጣ?» ማለታቸውን በየክፍሉ ይቀጥሉ። በመጀመሪያው ክፍል መዋሸት ቀላል ነው። በሦስተኛው ክፍል ግን ያለፉትን ሁለት ውሸቶች የሚያውቅ ጌም መኖር አለበት፤ እናትየው የሚሉት ነገር በእነዚያ ላይ ተመሥርቶ ይለወጥ። ቴልቴል ብዙ ጊዜ ያልከፈለው ዕዳ ይህ ነው።

ለመጀመር ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም። ካርድ ቁረጡ፤ በእያንዳንዱ ካርድ አንድ ትዕይንትና ከሥሩ ወደየትኛው ካርድ እንደሚሄድ ጻፉ። ወለል ላይ ዘርግታችሁ የምርጫውን መንገድ በክር አያይዙት፤ ሽሮ ሜዳ ክር አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ትዋይን የተባለ በነፃ የሚገኝ መሥሪያ አለ፤ እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ያለው ታሪክ ያለ ፕሮግራም ዕውቀት ይጻፍበታል፣ ፊደላችንንም ይቀበላል። ሁለት ክር ገብቶ አንድ የሚወጣበትን ካርድ ስታገኙ ቆም በሉና ጠይቁ፤ በግራ የመጣችውና በቀኝ የመጣችው ልጅ እዚህ ሲደርሱ እናታቸው የሚያናግሯቸው በአንድ ዓይነት ቃል ነው? ከሆነ ካርዱን ቅደዱና ሁለት አድርጋችሁ ጻፉት። ካርዱ ከሠላሳ ሲያልፍ የቀረውን ለሁለተኛው ክፍል አቆዩት።